ቮልቴጅ የተረታበት ቅዳሜ

እናትየው ልጃቸውን ይቅርታ ሲጠይቁና ልጅየው «ይቅርብኝ» ብሎ ሲመልስላቸው መጋረጃ ሰፊዋ ሴት ልጃቸው በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የደረቀ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ የእናቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እናትየው ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሳምንታቸው ስለሆነ ድምፃቸው የሚወጣው እንደ ቀጭን ክር ነው። የሾርባ ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በማንኪያው ይነካኩታል እንጂ አይበሉም። ታናሽ ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። «ያኔ አባትህ የሙዚቃ ኪቦርድህን ወስዶ ሲሸጠው፣» አሉ እናትየው፣ «የደበቅክበትን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ይቅር በለኝ ልጄ።» ወንድሟ ከስልኩ ቀና አለ፣ ፈገግ አለ፣ «ይቅርብኝ እማዬ፣ ጠግቤያለሁ» አላቸው። ከዚያ ግንባራቸውን ስሞ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ወጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትየው ልጃቸውን አያናግሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስ ሊበላ ሲመጣ ሰላምታውን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀብለው፣ ሻያቸውን ይዘው ክፍላቸው ይገባሉ። ቀድሞ ቢሆን አኩርፈው ማደር የማያውቁ ሴትዮ ነበሩ። ሰፊዋ ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላለችም፤ «እናቴን ያልካትን ሰምቻለሁ» ማለት ኮሪደር ላይ ቆሜ ወሬ እሰማለሁ ማለት ነው። ቂሟን የምትወጣው በእንቁላል ነበር። ድሮ ሁለት ትጠብስለት የነበረውን አንድ አደረገችው። እሱም አንዱን በልቶ «እጅሽ ይባረክ እትዬ» ይላል፤ ሁለተኛው የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። የእናቱንም ነገር አይጠይቅም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንጀቷን ያሳርራት ነበር።

ወንድሟን ከቤተሰቡ በቀር ሁሉም ሰው ቮልቴጅ ይለዋል፤ ቤተሰቡም ሲናደድበት ቮልቴጅ ይለዋል። ልጅ እግር ሳለ አንድ ሠርግ ላይ ሙዚቃውን ሲለቀው የሰፈሩ መብራት በሙሉ ድርግም ስላለ የወጣለት ስም ነው። አርባዎቹን አጋምሷል። በቫን መኪናው ስፒከር ጭኖ በየሠርጉ፣ በየምረቃው፣ በየአዲስ ሱቅ መክፈቻው ዲጄ ሆኖ ይሠራል፣ ለሌሎችም ያከራያል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ቅዳሜን የሚያሳልፈው እህቱ ቤት ነው። እዚያም የሚጠብቀው አንድ ሥራ አለው፤ ከእህቱ ባል ጋር መከራከር።

የእህቱ ባል የመድን ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሙዚቃ ብዙም አይወድም፤ አሸናፊና ተሸናፊ ግን ይወዳል። ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ሁሉ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ መቼ እንደተነሳ የሚያስታውስ የለም። ባልየው ስኬት የሚለካው በሽያጭና በተመልካች ብዛት ነው ባይ ነው፤ ስለዚህም ፈረንሳዊውን ዲጄ ዴቪድ ጌታን ይዟል። ቮልቴጅ ደግሞ ክራፍትወርክን ይዟል። «አራት ጀርመኖች፣ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ ቀጥ ብለው ቆመው ያንን ድምፅ ባያወጡ ኖሮ፣ ያንተ ሰውዬ ዛሬ ምን ይነካ ነበር?» ይላል። ፈረንሳዮቹ ዳፍት ፓንኮች በመካከል የሚነሱት ሁለቱም ሲደክማቸው ነው። ቮልቴጅ ተረትቶ አያውቅም። ባልየው ምንም ዓይነት ቁጥር ቢያመጣ ቮልቴጅ ሐሳቡን አይለውጥም፣ አይደናገጥም፣ ድምፁንም አይቀንስም። «ግንብ ነው'ኮ!» ይላል ባልየው ማታ ለሚስቱ። «ከግንብ ጋር ነው የምከራከረው።»

በዚያ ቅዳሜ ክርክሩ ከወትሮው ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ ምክንያቱም ቮልቴጅ ረፋዱ ላይ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ቀርቦ በዚሁ ጉዳይ ሊከራከር ተጋብዟል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ባልየው ሬዲዮ ላይ ያልተጋበዘ ሰው ባለው ቁጣ ሁሉ ጠረጴዛውን መታ። «ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደህ አትቆፍር! በዛሬው ገበያ ጌታን የሚያህል የለም!» አለ።

«አሜን» የሚል ድምፅ ከእናትየው ክፍል ተሰማ።

ባልየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ቮልቴጅ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፣ «እንቁላል ሸሚዝህ ላይ ፈሰሰ» አለው።

«እሱማ ከመጀመሪያውም ሸክላ ላይ ነበር!» አለ ቮልቴጅ። «አድምጠው፣ ታገኘዋለህ!»

ባልየው በረጅሙ ተነፈሰ። ለእሱ ይህ የቮልቴጅ የተለመደ ማምለጫ ነው። ሰፊዋ ግን መታጠቢያው ጋ፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀጥ ብላ ቀረች። የእንቁላሉ አስኳል ከሸሚዙ ኪስ ወደ ቁልፉ ሲወርድ ይታያል፤ ወንድሟ አላየውም፣ ስለ ሸክላ ነው የሚያወራው። ምን እንዳሰኛት ሳታውቅ በስተኋላው ሄዳ ቆመች። ወንድሟን ካለበት የሚያስነሳ አንድ ነገር ቢኖር የቀድሞ ሚስቱ ወሬ ነው፤ ስሟ በሌላ ሰው ላይ ሲጠራ እንኳ ይደነግጣል። ሰፊዋ በተለመደው ድምፅዋ፣ «ሚስትህ ትናንት ደውላ ነበር» አለች።

ባልየው ሹካውን አፉ ደጃፍ ላይ አቆመው። ቮልቴጅ ስለ ጀርመኖቹ ቀጠለ። ሰፊዋ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ አለችና ደገመችው። ምንም። የአንገቱ ሥር እንኳ አልተነቃነቀም። ጨው እንዲያቀብለው በእጁ ለባልየው ምልክት ሰጠና ቀጠለ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባት። የሾርባው ሳህን በእናቷ ጭን ላይ ነበር። ያች እንደ ቀጭን ክር የምትወጣ ድምፅ ለእሱ ከነጭራሹ አልወጣችም። ከአፋቸው እንቅስቃሴ ይሁን ከሳህኑ፣ «ይቅር በለኝ» ያሉትን የምግብ ግብዣ አድርጎ ተረጎመውና፣ ደግ ልጅ ስለሆነ፣ የታመሙ እናቱን ሾርባ አልሻማም ብሎ «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» አላቸው። እሷም በቂም እንቁላሉን ቀነሰችበት። የእናቱን ኩርፊያ ያልጠየቀውም ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ዓለም በሙሉ ዝም ባለችበት ጊዜ የእናቱ ዝምታ ከየትኛው ይለያል?

ፎጣ አነሳችና የሸሚዙን እንቁላል ትጠርግለት ጀመር። ቮልቴጅ ሽቅብ አይቷት ሳቀ። «ልበሺ እትዬ፣ አብረን እንሂድ» አላት።

አብራው ትሄድ ዘንድ መጠየቁ አዲስ አይደለም። ከአንድ ዓመት ወዲህ ለሥራ ውል ሲሄድም፣ ደንበኛ ሲያገኝም ይወስዳታል፤ ሲወጡ ደግሞ «እስኪ ሰውየው ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃታል። ምክሯን ፈልጎ፣ እህትነቷን አክብሮ ይመስላት ነበር። በቫኑ ውስጥ ተቀምጣ ይህንንም አሰበችው፤ ለካ የፈለገው ምክሯን ሳይሆን ጆሮዋን ኖሯል፤ ትንሽ ቅር አላት። የሾርባውን ነገር ልትነግረው አፏን ስትከፍት እሱ ሙዚቃውን ለቀቀው። ድምፁ ከጆሮ አልፎ በወንበሩ በኩል ወገቧን ይመታታል። ቮልቴጅ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ፣ በመዳፉ እንደሚሰማ ሰው፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል። መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው ያዩአቸዋል። ሰፊዋ ቦርሳዋን አቀፈች።

የሬዲዮ ጣቢያው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች ባለ አምስት መቀመጫ ሶፋ በቅናሽ ይሸጣል፤ ላይ ደግሞ ኮሪደሩ ሁሉ የሶፋ ቆዳ ይሸታል። ስቱዲዮው የሚያህለው የሰፊዋን መታጠቢያ ቤት ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብዷል፤ መስኮቱ ላይ ድምፅ እንዲውጥ ተብሎ የተሰቀለው መጋረጃ ግን ገበሩ ወደ ውጭ የዞረ፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ የቀረ ነው። ሰፊዋ ስንት እንደከፈሉበት ልትጠይቅ ፈልጋ ተወችው። አቅራቢዋ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ተከራካሪ ሆና የቀረበችው ደግሞ ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ከሥራ በኋላ በመኝታ ክፍሏ በኮምፒውተር ሙዚቃ የምታቀናብር ወጣት ናት። ይህች ልጅ ስትናገር ከንፈሯ እምብዛም አይከፈትም። ሰላም ስትለው ቮልቴጅ ፊቷን አይቶ፣ «በመኪና ነው የመጣነው» ብሎ መለሰላት።

ሰፊዋን ከመስታወቱ ወዲህ ማዶ ከቴክኒሻኑ ጎን አስቀመጧት። ውስጥ ያሉት ሦስቱ ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫ አደረጉ። ቴክኒሻኑ በእጁ ምልክት፣ ድምፁ ይበቃሃል ወይ ብሎ ቮልቴጅን ጠየቀው። ቮልቴጅ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገ። ቴክኒሻኑ ጨመረ። አሁንም ወደ ላይ። አሁንም። «ሰውየው ምን ነካው?» አለ ቴክኒሻኑ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ። «በዚህ መጠን እኔ ባዳምጥ ጆሮዬን ይዤ ነበር የምሮጠው።» ሰፊዋ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ከመስታወቱ ማዶ የወንድሟ ፊት ሲለወጥ ታያለች። አቅራቢዋ «እንደምን አረፈዳችሁ» ስትል ቮልቴጅ አንድ ሰው ከኋላው እንደነካው ሁሉ ደንገጥ ብሎ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ እሱ ተናገረ፤ አራቱን ጀርመኖች አነሳ፣ ክራቫታቸውን አነሳ፣ የባንክ ሠራተኛውንም ነገር አልተወም። ጥሩ ተናገረ። ከዚያ ተራው የወጣቷ ሆነ። እሷም በዚያ ከሹክሹክታ በማይሻል ድምፅዋ፣ በእርጋታ እንዲህ አለች። «እኔ የምለው፣ ብዙ የሸጠው ወይም ስሙ የገነነው ማነው ብለን ስንጠይቅ ስማቸውን የምናውቀውን ብቻ ነው የምናወዳድረው። ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች። ሲንተሳይዘር የሚባለው ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ በማይሸጥበት ዘመን የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጠች፣ እየቀጣጠለች፣ እያንዳንዱን ድምፅ በእጅዋ ትሠራ ነበር። ሥራዋን የሰማው ሕዝብ ስንትና ስንት ነው፤ ስሟን ግን ለብዙ ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። ጆሮህ ውስጥ ገብቶ፣ ማን እንዳስገባው ሳታውቅ ዕድሜህን ሙሉ ይዘኸው የምትኖረው ድምፅ አለ። ተጽዕኖ ማለት ለእኔ እሱ ነው።»

አቅራቢዋ ፈገግ ብላ ወደ ቮልቴጅ ዞረች። ቮልቴጅ ዝም አለ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ውድ ነገር ነው፤ ቴክኒሻኑ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። ሰፊዋ ወንድሟን እንዲህ ሆኖ ያየችው ልጅ እያለ ነው፤ አንድ ሰው የሚነግረውን ነገር እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ። ልጅቷ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ እንኳ እስትንፋሷን የሚያዳምጥ ይመስላል።

«እንግዲህ የእርስዎ መልስ?» አለች አቅራቢዋ።

«ልክ ናት» አለ ቮልቴጅ።

«ማለት፣ በከፊል…»

«በሙሉ። እኔ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ልክ ናት።»

ክርክሩ ገና አጋማሹን አልደረሰም ነበር። አቅራቢዋ ፈገግታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አጣጠፈችና በእጅዋ ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠች፤ እሱም ያገኘውን ረጅም ሙዚቃ ለቀቀ። ቤታቸው ያለው ባልየው በዚህ ደቂቃ ሬዲዮውን አቅፎ ምን እንዳለ ኋላ ነግሯታል፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሰፊዋ ብድግ አለች። «ሙዚቃው እያለ ማይኩ ለሕዝብ ይሰማል?» ብላ ቴክኒሻኑን ጠየቀችው። አይሰማም አላት። «ለእሱስ?» ለእሱ ይሰማል አላት። አንድ ጊዜ ብቻ ብላ በሩን ገፍታ ገባች። አቅራቢዋና ወጣቷ ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ ነበርና መንገድ ለቀቁላት። ቮልቴጅ ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ያዘችው፤ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጣ ማይኩን ወደ አፏ ጎተተችው።

«ትሰማኛለህ?» አለችው።

ቮልቴጅ አያት። «ድምፅሽ የእማዬን መስሏል» አለ። «መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አንተ መስማት ያቆምክ ጊዜ ነዋ።»

ሳቅ ሊል ሞክሮ ተወው። ገመዱን በጣቱ ጠቀለለው። «ሁለት ዓመት ሆነው» አለ። «ሐኪም አይቶኛል። የግራው አልቆለታል፣ የቀኙም በቋፍ ነው። ጆሮው የማይሰማ ዲጄ ማን ይቀጥራል እትዬ? ወሬው ወጥቶ ከሥራ ታስወጪኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«እኔ ምን አባቴ ብዬ ነው ከሥራ የማስወጣህ?» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። ቮልቴጅ ያ የጉሮሮ ጠረጋ ባለ በሌለ ኃይሉ ጆሮው ውስጥ ስለገባ ፊቱን አጨማደደ። «ይቅርታ» አለችና ራቅ ብላ ቀጠለች። «እማዬ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን፣ ሾርባ ይዛ አልጋ ላይ ሆና የነገረችህ ነገር ነበር። ምን አለችህ?»

አሰበ። «ሾርባ ቅመስልኝ አለችኝ። ይቅርብኝ አልኳት።»

«ሾርባ አላለችህም። ኪቦርድህን አባዬ ሲሸጠው የደበቅክበትን ያሳየሁት እኔ ነኝ ነው ያለችህ። ይቅር በለኝ አለችህ። አንተም ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ አልካት።»

ቮልቴጅ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ያዘ። ሙዚቃው ውጭ እየሄደ ነው፤ ታች ሶፋ የሚጎትቱ ሰዎች ይጯጯሃሉ፤ ለእሱ ግን ያለችው የእህቱ ድምፅ ብቻ ናት፣ እሷም ዝም ብላለች። «ጠግቤያለሁ» አለ ለራሱ፣ ቃሉን እንደ ባዕድ ሳንቲም እያገላበጠ። መስታወቱን ሲያንኳኳ የቆየው ቴክኒሻን ቀይ መብራቱን አበራ። ሰፊዋ እየተደናበረች ወጣች፤ አቅራቢዋና ወጣቷ ገቡ።

ቀሪውን ጊዜ ወጣቷ ብቻዋን ሞላችው፤ አንዴ ከጀመረች ብዙ የምታወራ ልጅ ነበረች። መጨረሻ ላይ አቅራቢዋ ቮልቴጅን የመዝጊያ ሐሳብ ጠየቀችው። «መኪናዬን ያለ ቦታው ነው ያቆምኩት» ብሎ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። መኪናው በትክክለኛው ቦታ ነበር የቆመው።

በመንገድ ላይ ሙዚቃ አልከፈተም። ቤት ሲደርሱ ባልየው በሩ ላይ ሬዲዮውን እንደያዘ ጠበቃቸው። ስንት ዓመት የናፈቀው ቀን ነው፤ «እጅ ሰጠ! ሬዲዮ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ልክ ናት አለ!» እያለ ኮሪደሩን ዘጋው። ቮልቴጅ በትከሻው ገለል አድርጎት አለፈና ሳያንኳኳ እናቱ ክፍል ገባ። ሰፊዋ ተከተለችው።

እናትየው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ሻያቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ያሉት እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ስለሆነ የሚሸሹበት የለም። ቮልቴጅ ወንበር ጎትቶ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሳቸው አድርጎ፣ ጎናቸው ተቀመጠ። ሁሌም እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ፣ «እማዬ፣ ያኔ የነገርሽኝን አልሰማሁም ነበር። ጆሮዬ አይሰማም። ሾርባ መስሎኝ ነው። ድገሚልኝ» አላቸው።

እናትየው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ልጃቸውን አዩ። ሰፊዋ ራስዋን በአዎንታ ነቀነቀች። አሮጊቷ እጃቸውን አንስተው የልጃቸውን ጆሮ፣ ልጅ ሳለ ሲታጠብ እንደሚያደርጉት፣ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ሕመም አለው?» አሉት። አልሰማም። «ይጠዘጥዝሃል ወይ?» አሉ ከፍ አድርገው። «አይጠዘጥዘኝም» አለ። ይቅርታን አንድ ጊዜ ለመናገር ሠላሳ ዓመት ግድም የፈጀባቸው ሰው ናቸው፤ ሁለተኛውን በዚያ ቅዳሜ መናገር ቀላል አልነበረም። በቀስታ ጀመሩት። ቮልቴጅ አልሰማሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከፍ አደረጉት። አሁንም ነቀነቀ። በመጨረሻ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥ አድርገው፣ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ አላቸው ተብሎ ባልተጠረጠረ ድምፅ፣ «አባትህ ኪቦርዱን ሲሸጠው ከቁም ሳጥኑ ኋላ መደበቁን ያሳየሁት እኔ ነኝ! ይቅር በለኝ!» ብለው ጮኹ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቶች ሕፃን ተነስቶ አለቀሰ። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮውን አጠፋ።

«ሰማህ?» አሉ እናትየው እያለከለኩ።

«ሰማሁ። ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ቮልቴጅ። ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፣ የእናቱን እጅ ይዞ ሳመው። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ። «ግን ከአልጋው ሥር ነበር።»

«ምኑ?»

«ኪቦርዱ። ከአልጋው ሥር ነበር እማዬ።»

«ከቁም ሳጥኑ ኋላ!»

«የደበቅኩት እኔ ነኝ'ኮ!»

«ያሳየሁት ደግሞ እኔ ነኝ!» አሉ እናትየው፤ ወንበራቸውን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጉት።